ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ለመጻፍ ማሰቤን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ፥ ከመካከላቸው አንዱ «ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ሐዲድ ለማየት ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ነገሩ ለጨዋታ የተባለ ቢሆንም እውነት አለበት። በጎጃም ምድር እስከ ዛሬ አንድ ክንድ ሐዲድ አልተዘረጋም፤ ከክፍላችንም ባቡር ላይ የተሳፈረ ተማሪ ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። እኔ የምጽፍለት ጣቢያ ደግሞ ሕንፃው ቆሞ ሳለ ባቡር የማይመጣበት ነው። ስለዚህ እኛና እርሱ ቢያንስ በአንድ ነገር እንመሳሰላለን፤ ሁለታችንም ባቡር የለንም።

ይህ ጣቢያ በአዲስ አበባ ከተማ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ የሚገኘው ለገሃር ነው።

«ታዲያ ለጎጃም ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። በበኩሌ የማምነው እንዲህ ነው። የባቡር ጣቢያ ሰዎች መጥተው የሚሳፈሩበት ቤት ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ገበያ ያቆማል፥ ሰው ይሰበስባል፥ ሲውል ሲያድር ከተማ ይሆናል። ሥራውን ያቆመ ዕለትም የሚጎድለው የኩባንያው ካዝና ብቻ አይደለም። ወደ እኛም ሐዲድ የሚመጣበት ቀን ይኖር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጣቢያውን ከየት ላይ እንደምናቆመውና እንዴት እንደምንጠብቀው የሚያስተምረን ይኸው አሮጌው ነው። ስለዚህ ለገሃር ሳይረሳና ሳይፈርስ እንዲኖር መመኘት የአዲስ አበባና የድሬ ዳዋ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

ታሪኩን ከመነሻው ላንሣ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለባልደረባው ለፈረንሳዊው ለሊዮን ሼፍኖ ሐዲድ የማሠራት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ጠረፍ ድረስ ዕቃ የሚመላለሰው በግመልና በበቅሎ ሲሆን፥ ጉዞው ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐረር የታወቀች የንግድ ከተማ ስለ ነበረች ባቡሩ እስዋ ዘንድ ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው አላስወጣ ስላለ ጣቢያው ከታች ከሜዳው ላይ ተሠራ። በዚያ ጣቢያ ዙሪያ የበቀለችው ከተማ ድሬ ዳዋ ናት። እስቲ አስቡት፤ መሐንዲሶች አንድ ተራራ ሽቅብ አይተው «በዚህ አይሆንም» በማለታቸው ምክንያት አንዲት ትልቅ ከተማ ተወለደች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያም ሐዲዱ የማን ይሁን እያሉ ይነታረኩ ጀመር። በ1899 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል የሚከፋፍል ውል ለንደን ላይ ሲፈራረሙ፥ ፈረንሳይ እስከ አዲስ አበባ ያለውን የሐዲድ ጥቅም ስትይዝ፥ እንግሊዝ ደግሞ የዓባይን ተፋሰስ የውሃ ጉዳይ ለራስዋ አስጻፈች። እንግዲህ ባቡሩ እኛን አይመለከተንም የሚል ወንድሜ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ የእኛ ወንዝና የእነዚያ ሐዲድ የተጻፉት በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ በሁለቱም ጉዳይ ባለቤቱን የጠየቀ አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሌላ ኩባንያ ተላልፎ ሥራው ቀጠለና ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለመዘርጋት 20 ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። ይህን መዘግየት እንደ ነውር የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ፥ በመካከሉም የአዋሽን ገደል በድልድይ የሚሻገር መንገድ መሆኑን ሳስብ አልገረምም። ገደል ምን ማለት እንደሆነ የዓባይን በረሃ ለሚያውቅ ጎጃሜ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ዛሬ የሚታየው የለገሃር ሕንፃ ከመጀመሪያው ባቡር ጋር የመጣ አይደለም፤ አንድ ፈረንሳዊ የሕንፃ መሐንዲስ ንድፉን አውጥቶለት በኅዳር ወር 1922 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ስሙም ከዚያው ቋንቋ የተገኘ ነው። «ላ ጋር» ማለት በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ሲሆን፥ ሕዝቡ በአፉ አለስልሶ ለገሃር አለው። እንዲህ ከሆነ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» የሚል ሰው «ጣቢያው ባቡር ጣቢያ» ማለቱ ነው፤ የዚህን ነገር ፍርድ ለቋንቋ መምህራኖቻችን ትቻለሁ።

ከፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም የራሱ ታሪክ አለው። በ1923 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሰሞን የቆመ ሲሆን፥ ኢጣልያኖች ሀገራችንን በወረሩ ጊዜ ነቅለው ወደ ሮማ ወሰዱት። ኤርትራዊው ወጣት ዘርአይ ደረስ በሮማ ከተማ ሰይፍ የመዘዘው ይህን አንበሳ በጠላት አደባባይ ተማርኮ ቢያየው ነው እየተባለ ይተረካል። አንበሳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ በቀድሞ ቦታው ቆሟል። እንግዲህ ከጣቢያው በር ላይ የቆመው አንበሳ ራሱ ከስደት ተመላሽ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም ልመለስ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ጉዞውም እስከ ጅቡቲ በዚሁ ባቡር ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ራስ ኃይሉ በዚሁ ሐዲድ ላይ እንደገና ተጓዙ፤ ዳሩ ግን ያን ጊዜ ግዛታቸውን አጥተው እስረኛ ሆነው ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደ ስደት ሲሄዱ፥ ራስ ኃይሉም በጉዞው ውስጥ ነበሩ። ድሬ ዳዋ ላይ ተለቀቁና ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ከጠላት ጋር ሆኑ። በሦስተኛው ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ መመለሻው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር በወጡበት በር አልተመለሱም። በጥር ወር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው፥ በበላያና በቡሬ አድርገው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ራስ ኃይሉም የገቡላቸው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ከዚህ ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ሀገሪቱ ያላት አንድ የባቡር መንገድ ለመውጫ ሲሆን፥ ለመግቢያ የሆነው አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ የተዋደቁበትና ሐዲድ ያልነካው የእኛ መንገድ ነው። ይህን የምጽፈው ለመመካት ብቻ አይደለም። የለገሃር ታሪክ በሚጻፍበት መጽሐፍ ውስጥ ደብረ ማርቆስ አንድ ገጽ እንዳላት ለማስታወስ ነው።

ጣቢያው ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ስለ ነበረው ኑሮ አብዛኛውን የሰማሁት ከአንድ አዛውንት ጎረቤታችን ነው። እርሳቸው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ገና ወጣት ሳሉ፥ ሥራ ፍለጋ ከጎጃም ወጥተው በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍረው እስከ ድሬ ዳዋ ሄደው ነበር። ባቡሩ በቢሾፍቱ፥ በሞጆ፥ በአዳማ፥ በወለንጪቲ፥ በመተሐራ፥ በአዋሽ፥ በሚኤሶ፥ በአፍደምና በኤረር ሲያልፍ የጣቢያዎቹን ስም ዛሬም እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። ባቡሩ ፉጨቱን ባሰማ ቁጥር፥ ይላሉ፥ የመንደሩ ሴቶችና ልጆች ዳቦውን፥ የተቀቀለ እንቁላሉን፥ ወተቱንና ፍራፍሬውን ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። አንድ ጊዜ እርሳቸው የብር ኖት ሰጥተው እንቁላል ገዙና መልሱ ሳይደርሳቸው ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሻጩ ልጅ ከባቡሩ ጎን እየሮጠ ሳንቲሙን አንድ በአንድ በመስኮቱ ወረወረላቸው። «አምስት ሳንቲም ብቻ ጎደለኝ፤ እሱንም መሬት ላይ ስትወድቅ አይቻታለሁ» ብለው ይስቃሉ።

ይህ ወግ ለእኔ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይበልጥብኛል። እነዚያ መንደሮች አብዛኞቹ ከሐዲዱ በፊት ከተማ አልነበሩም። ባቡሩ ውሃ የሚቀዳበት፥ ሠራተኛ የሚያድርበት፥ ተሳፋሪ የሚበላበት ስፍራ ስለ ተፈለገ የተቈረቈሩ ናቸው። በቀድሞው ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው አዋሽና ድሬ ዳዋ ያድር ነበር፤ እንግዳ ካደረ ደግሞ ምግብ፥ መኝታና ገበያ ይኖራል። እኛ ዘንድ በዚያው ዘመን ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጋዴ ቆዳውንና ማሩን በበቅሎ ጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣ ነበር፤ ክረምት ከገባና ወንዙ ከሞላ መሻገሪያው ይዘጋበት ነበር። ሐዲድ ያገኘና ያላገኘ ሀገር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ገደሉን የሠራው እግዚአብሔር ስለሆነ በዚህ ማንንም አልወቅስም።

ባቡሩ ባይመጣም ቃሉ ግን መጥቷል። «ባቡር» ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ስም ነው፤ በገጠራችን ግን እህል የሚፈጨውን ሞተር ባቡር የሚሉ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ሐዲድ አይቶ የማያውቅ ገበሬ «ባቡር ቤት እህል አደረስሁ» ሲል ስሰማ ደስ ይለኛል። የጭነቱን ሠረገላ ፉርጎ የምንለውም ከፈረንሳይኛው የተወሰደ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ሥራ የሠራ ጣቢያ እንዴት ዝም አለ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጭነት መኪናና የአስፋልት መንገድ ሲበዛ ነጋዴው ፊቱን ወደዚያ አዞረ። በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነፃ ወጣች፤ በዚያው ሰሞን በተነሣው የሶማልያ ጦርነት የሐዲዱ ድልድዮች ፈራረሱ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከመጠን በላይ ፈጥኖ ሲታጠፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ምድር እስከዚያ ዘመን ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ የከፋው ነበር። ሐዲዱ አረጀ፥ መለዋወጫው ጠፋ፥ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ከገቢው በለጠ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ስለ ነበረ ከባድ ጭነት በፍጥነት ለማጓጓዝ አይመችም ነበር። በመጨረሻም በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በለገሃር የባቡር ፉጨት መሰማቱ ቀረ።

እኔ ለገሃርን ያየሁት የስድስተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ክረምቱን ከአጎቴ ዘንድ ባሳለፍሁበት ዓመት ነው። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚመላለሰው የከተማ ቀላል ባቡር በአጠገቡ ያልፋል። እኔም በመስኮት ወደ ታች ስመለከት ቢጫ መልክ ያለው፥ በፊቱ ላይ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ያማረ ሕንፃ አየሁ። ሕንፃውን ከውጭ ለሚያየው የደከመ አይመስልም። ሰው ግን አልነበረም። አጎቴ «እዚህ ነበር ዘመድ የምንቀበለው፤ ሰው ሲሳሳም ሲላቀስ ይውል ነበር» አለኝ። ወዲያው ባቡራችን አለፈና ስለ ሌላ ነገር እናወራ ጀመር። እኔ ግን ያን ቀን ጥያቄ አደረብኝ፤ በአዲሱ ባቡር ተሳፍሬ አሮጌውን ጣቢያ እያየሁ፥ ከሁለቱ የትኛው ለሰው ይበልጥ የታሰበ ነው? እያልሁ።

አዲሱን የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባቡር ለማንቋሸሽ አይደለም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሐዲድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ ስፋቱም 1 ሜትር ከ43 ሳንቲሜትር ተኩል የሆነ ታላቅ ሥራ ነው። ለጭነት መኪና ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጀውን መንገድ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ እንዲጨርስ ታስቦ የተሠራ ነው። ወደብ ለሌላት ሀገር ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም የኢኮኖሚክስ መምህራችን ብዙ ጊዜ አስረድተውናል። የእኔ ቅሬታ ስለ ጣቢያዎቹ ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ ከከተማው ጫፍ ከለቡ ነው፤ የድሬ ዳዋውም ከከተማው ውጭ ነው። ሻንጣውን የተሸከመ መንገደኛ ከባቡር ወርዶ ገና ሌላ መኪና መፈለግ አለበት። መሐንዲሶች ምክንያት አላቸው፤ ከተማው መካከል መሬቱ ውድ ነው፥ ቤት ማፍረስ ይጠይቃል፥ ፈጣን ባቡርም ብዙ መታጠፍ አይወድም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የቀድሞዎቹ ጣቢያውን ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ሲያደርጉት፥ ከባቡር የወረደ ባላገር ቀና ሲል ከተማይቱ በሙሉ እፊቱ እንድትቆም አድርገውታል። አዲሱ ጣቢያ የወደብ በር ነው፤ አሮጌው የከተማ በር ነበር። እንቁላል ሻጩ ልጅ በአዲሱ ሐዲድ ላይ የሚሮጥበት ስፍራ የለውም።

የቆመ ጣቢያ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1963 ዶክተር ቢቺንግ የተባሉ የባቡር ባለ ሥልጣን ኪሳራውን ለማስቀረት 2,363 ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ አብዛኞቹም ተዘጉ። ብዙዎቹ ፈረሱ፥ አንዳንዶቹ መኖሪያ ቤት ሆኑ፥ አንዳንዶቹን ደግሞ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ተሰባስበው ተረከቧቸው። በደቡብ እንግሊዝ ብሉቤል በተባለው አጭር መስመር ላይ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ፈቃደኞች ከ1960 ጀምሮ አሮጌውን የእንፋሎት ባቡር ያስኬዳሉ። ፓሪስ ውስጥ በ1900 የተከፈተው የኦርሴ ጣቢያ በ1986 ሙዚየም ሆኖ፥ ዛሬ ሰው የሚሰለፈው ሥዕል ለማየት ነው። ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካኝ ግን የቅርቡ ምሳሌ ነው። በኤርትራ በጦርነት የፈራረሰውን የምጽዋና የአስመራ ሐዲድ በ1990ዎቹ እንደገና ሲሠሩት፥ ሥራውን የሚያውቁት ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩና እነርሱው ተጠርተው መጡ። ብረቱ ተበታትኖ ሳለ ዕውቀቱ በሽማግሌዎቹ ራስ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ ነበር።

ለገሃርንም በተመለከተ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በ360 ሺህ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ታላቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር እንደሚሠራ ሲታወጅ፥ ጥንታዊው ጣቢያ ተጠብቆ እንደሚቆይ ተነግሯል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ግንቡ ቀርቶ ነገሩ ሊጠፋ ይችላል ብዬ እፈራለሁ። ከረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የተቀመጠ፥ ውስጡ የቡና መጠጫ የሆነና በሩ ላይ የተጻፈውን ማንም የማያነበው ጣቢያ ቢኖረን ጠበቅነው ለማለት አያስደፍርም። እኔ የምፈልገው በለገሃርና በድሬ ዳዋ የቀሩት መዛግብት፥ የጉዞ ሰሌዳዎች፥ ቲኬቶች፥ መሣሪያዎችና ፎቶግራፎች ተሰብስበው ተማሪ ገብቶ የሚያያቸው እንዲሆኑ ነው። ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ያገለገሉት ሰዎች ቃል ይመዝገብ። መዝገብ ቢቆይ ይቆያል፤ የ80 ዓመት ሽማግሌ ግን ነገ አይጠብቀንም።

በክርክር ክበባችን ይህን ሐሳብ ባቀረብሁ ጊዜ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጠንካራ ተቃውሞ አነሣችብኝ። «ዳቦ በተወደደበት ዘመን፥ ትምህርት ቤት የሌለው ቀበሌ ሞልቶ ሳለ፥ ለሞተ ባቡር ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን?» አለች። ጭብጨባውን ያገኘችው እርስዋ ናት፤ አልቀየምሁም፤ ጥያቄዋ የተገባ ነውና። ሆኖም ዛሬም መልሴ ያው ነው። የሽማግሌ ቃል ለመመዝገብ የሚያስፈልገው በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክና የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ነው። ደግሞም የቀድሞው ሐዲድ ለምን እንደ ከሰረ፥ ድልድዩ ለምን እንዳልተጠገነ፥ መንገደኛው ለምን እንደ ሸሸ ሳይመረመር የሚሠራ አዲስ ሐዲድ፥ ያንኑ ስሕተት በበለጠ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። እንዲህ ያለ ምርመራ ከዳቦ ጋር የሚጣላ አይመስለኝም።

እዚሁ ከእኛ ዘንድም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ በዓባይ ላይ ሲከፈት፥ አሮጌው ድልድይ ከጎኑ ቀረ። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሁላችንም በአዲሱ እያለፍን አሮጌውን በመስኮት እናየዋለን። አባቶቻችን ዓባይን በእግርና በበቅሎ ከመሻገር የተገላገሉት በእርሱ ነው። ስለ ሠሩትና በበረሃው ሙቀት ስለ ጠበቁት ሰዎች ግን ከክፍላችን አንድ ዐረፍተ ነገር የሚናገር አላገኘሁም፤ ጠይቄአለሁ።

ስለ ወደፊቱ ጥቂት ልበልና ላብቃ። የሀገራችን የባቡር መንገዶች እቅድ በወጣ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መስመር ተነድፎ ነበር። እቅዱ በወረቀት ላይ ቀርቷል። ይሁን እንጂ አንድ ቀን በእኛ ዕድሜ ወይም በልጆቻችን ዕድሜ ሐዲዱ ወደ ጎጃም ቢመጣ፥ ወደ ደብረ ማርቆስም ቢዘልቅ፥ ጣቢያው ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ርቆ በባዶ ሜዳ ላይ እንዲቆም አልፈቅድም፤ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ማለቴ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው በእግር የሚደረስበት፥ ገበያተኛዋ ቅርጫትዋን ይዛ የምትገባበት፥ ከባቡር የወረደ እንግዳ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያንና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ሳይጠይቅ የሚያገኝበት ስፍራ ይሁን። መሬቱ ሳይወደድና ቤት ሳይሠራበት ከአሁኑ ቢታሰብበት ደግሞ ለመሐንዲሶቹም ሥራ ያቀላል።

እስከዚያው ድረስ የታሪክ ክበባችን በሚመጣው ዓመት የአረጋውያንን ትዝታ በድምፅ መቅዳት ሊጀምር አስቧል። የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ከእናንተ ወይም ከዘመዶቻችሁ መካከል በአሮጌው ባቡር የተሳፈረ፥ በወታደርነት ወይም በንግድ ድሬ ዳዋ የሄደ፥ በሐዲዱ ሥራ ያገለገለ ወይም አሮጌ ቲኬት ከሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጠ ቢኖር፥ በልጆቻችሁ በኩል እንድትልኩብን እንለምናለን። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ እንገኛለን። በዓባይ አሮጌ ድልድይ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ወይም ልጁ ካለ ደግሞ እኛው ራሳችን እስከ ቤቱ ድረስ እንመጣለን።